የአደራ ፍሪጅ

እናቴ ጮክ ብላ የምታወራ ሴት ነበረች። ወጣትነቷን በሙሉ አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ፈትል ክፍል ውስጥ ስለሠራች የማሽኑ ጩኸት ጆሮዋን አደንዝዞት ነበር። ምስጢር ስትነግረኝ እንኳ ግቢው በሙሉ ይሰማት ነበር። «እማዬ፣ ቀስ በይ» ስላት «ቀስ ብዬ ነው'ኮ የማወራው» ትለኛለች፣ ያንኑ ያህል ጮክ ብላ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ፋብሪካው ሠራተኛ መቀነስ ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ጋር ወጣች። የቀረብን ደሞዙ ብቻ አይደለም፤ የፋብሪካው ክሊኒክም ቀረ። ልጅ ሆኜ ጉንፋን ሲይዘኝም፣ ጥርሴን ሲያመኝም፣ ሚስማር ሲወጋኝም የታከምኩት እዚያ ነው። ነርሷ በስሜ ነበር የምትጠራኝ። እናቴ መታወቂያዋን ካስረከበች በኋላ አንድ ቀን ራስ ምታት አሟት ብትሄድ፣ የበሩ ጥበቃ «ሠራተኛ ነሽ?» አላት። ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ሰላም ሲላት የኖረ ሰው ነው። አልፈርድበትም፤ እሱም እንጀራው ነው። ግን ሥራ ያለው ታክሞ የተቀነሰው በሽታውን ይዞ የሚመለስበት ነገር ያኔም አናደደኝ፣ ዛሬም ያናድደኛል።

አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ቤቱ የሁለታችን ብቻ ነበር። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ቃሊቲ መንገድ ዳር ብሎኬት የሚመረትበት ግቢ ውስጥ የቀን ሥራ ይዤ ነበር። አሸዋ እነፋለሁ፣ ብሎኬቱን ውኃ አጠጣለሁ፣ የደረቀውን እደረድራለሁ። ስገባ ፀጉሬ ላይ ያለው ሲሚንቶ እናቴን ያስቃታል። «ትንሽ ዝናብ ቢያገኝሽ ግድግዳ ይወጣሻል» ትለኝ ነበር።

የምንኖረው አቃቂ በሰቃ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት የቀበሌ ቤቶች በአንዱ ነው። ግድግዳ የምንጋራቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየዋን እትዬ፣ ባልየውን ጋሼ ነበር የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራቸው። ጋሼ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ስኳር በሽታ ዓይናቸውንና እግራቸውን ካደከመው ወዲህ መሪ መጨበጥ ትተው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እትዬ ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ለእስረኛ ጠያቂዎች ለስላሳና ብስኩት እየሸጡ ቤቱን ይደጉማሉ። ከደህናው ቀን የተረፋቸው ዕቃ ነበር፤ ሶፋ፣ ቡፌ፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ። ፍሪጁ ውስጥ ከለስላሳው ጎን ጋሼ በየቀኑ የሚወጉት ኢንሱሊን ይቀመጣል። እኛ ቤት አልጋ፣ አግዳሚ ወንበርና አንድ የልብስ ሣጥን ነበር። ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ ወለል ነው።

እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘችው ገላዋን ስትታጠብ ነው። «ወተት የረጋ ይመስለኛል» አለችኝ እየሳቀች፤ እኔን ጡት ካስጣለችኝ ስንት ዘመን አልፎ። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ነርሷ ስትዳስሳት ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ። አንገቷን ደፍታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት ጻፈችና «ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋት አይቀርም፤ አትቆዩ» አለችኝ። የምንከፍለው እንደሌለን ስነግራት «እንግዲያውስ ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ አምጡ» አለች። እናቴ ስንወጣ የጠየቀችኝ ጡቷን አይደለም። «ቀበሌ ምን ይሉኝ ይሆን?» ነው ያለችኝ።

ደብዳቤው የሚሰጠው ኮሚቴ ቤት ድረስ መጥቶ ድህነትህን በዓይኑ ካየ በኋላ ነው። ኮሚቴ ሊመጣ ነው ሲባል እኛ ሰፈር የዕቃ ስደት ይጀመራል። ቴሌቪዥኑ ወደ አክስት ቤት፣ ወንበሩ ወደ ጓሮ፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር። ይህን ማንም እንደ ሌብነት አያየውም ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ሰው ድሃ አይደለም የሚል ነገር ስለነበረ ነው፤ ቴሌቪዥን ደግሞ አይታኘክም፣ አይዋጥም። ዕቃውን ሸጠው ለምን አይታከሙበትም የሚል ይኖራል። እኔም ያኔ ብያለሁ። ሶፋ አንድ ጊዜ ነው የሚሸጠው፤ ስኳር በሽታ ግን ዕድሜ ልክ ነው።

እትዬም ለጋሼ ደብዳቤውን ጠይቀው ነበር። የእስረኛ ጠያቂው ቁጥር ቀንሶ ገበያቸው ስለሞተ መርፌውን መግዛት አቅቷቸው ነበር። አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ እናቴ ዘንድ መጡ።

«ነገ የእኔን ቤት ያዩታል። የእናንተ ሐሙስ ነው አሉ» አሏት። «ዕቃዬን እስከ ረቡዕ አንቺ ጋ ባስቀምጠውስ? የሌላው ቤት ሁሉ ሞልቷል።»

እናቴ እትዬ ተናግረው ሳይጨርሱ «አምጪው» አለች። ባዶ ቤት ለአንድ ነገር ይጠቅማል፤ የሰው ዕቃ ይይዛል። እኔ ከሥራ ስገባ ቡፌው በራችን ላይ ተሰንጎ አገኘሁት። አጋድመን፣ ገፍተን፣ ጎትተን አስገባነው። ሶፋው መሀል ቤት ተዘረጋ፣ ቴሌቪዥኑ ከነዳንቴሉ ሣጥናችን ላይ ወጣ፣ ፍሪጁም መድኃኒቱ እንዳይበላሽ ተብሎ ያለችን አንዲት ሶኬት ላይ ተሰካ። እናቴ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ እጆቿን ግራና ቀኝ ዘረጋች።

«ለካ ሀብታም እንዲህ ነው የሚቀመጠው» አለች።

«ተነሺ፣ ይለመድብሻል» አልኳት።

«ጎመን በጤና፣ ልጄ» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ቤት ውስጥ ያለ ሐሳብ የሳቅነው ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ይመስለኛል።

ማክሰኞ ጠዋት ዝናብ ዘንቦ ስላደረ ሥራ አልነበረም፤ ቤት ዋልኩ። ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢው ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ፣ አንዲት የሴቶች ተወካይና አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እትዬ ቤት ገብተው ሲነጋገሩ በግድግዳው በኩል ይሰማናል። ጠዋት ገብቼ እንዳየሁት ጋሼ ሰሌን ላይ ተኝተው ነበር። ቡፌው ቆሞበት የነበረው የግድግዳው ቦታ ከሌላው ይልቅ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ግን ሰው የሌለ ዕቃ የት ቆሞ እንደነበር አይመረምርም። «እግዚአብሔር ይማርልሽ» ሲሉና ሲወጡ ሰማን። እናቴ በረጅሙ ተነፈሰች። ለእትዬ ነበር የተነፈሰችው።

የግቢው በር ሲዘጋ እንሰማለን ብለን ስንጠብቅ የእኛ በር ተንኳኳ።

«ሐሙስ ተስካር ተጠርተናል» አለ ሰብሳቢው። «ግቢው ውስጥ ከገባን አይቀር እናንተንም አይተን እንሂድ።»

እናቴ በሩን ይዛ ቆመች። ትንሽ ቆዩ ማለት ትችል ነበር፣ አሞኛል ማለት ትችል ነበር። ግን እንግዳ ደጅ ቆሞ አይጠየቅም ተብላ ነው ያደገችው። «ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች ከልማዷ። ገቡና ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ሦስቱም በደንብ በቃቸው።

 ፍሪጁ ያንን ጊዜ መርጦ ማጓራት ጀመረ። የሴቶች ተወካይዋ የሶፋውን ክንድ በመዳፏ ደባበሰች። ሽማግሌው ዳንቴሉን አዩ፣ ከዚያ እናቴን አዩ። እትዬ ተከትለዋቸው መጥተው በራችን ላይ ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ይሄ ሁሉ የማን ነው፣ እናት?» አለ ሰብሳቢው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«የእኛ አይደለም» አልኩ እኔ። «የሰው ነው። በአደራ ነው የተቀመጠው።»

«የማን አደራ?»

አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። «የራሴ ነው» አለች፣ በዚያ በፋብሪካ ድምፅዋ። «ከሥራ ስወጣ በሰጡኝ ነው የገዛሁት። ልጅቷ ወረቀቱ እንዲሰጠኝ ብላ ነው፤ አትፍረዱባት።»

ዞር ብዬ አየኋት። አላየችኝም። እትዬ በሩ ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ጋሼ ሳሉ።

«እንግዲህ እናት፣ እኛ የምንሰጠው ምንም ለሌለው ነው» አሉ ሽማግሌው። «እርስዎ ደግሞ ተመስገን ነው።»

«ልክ ነው» አለች እናቴ። «ተመስገን ነው።» እስከ ግቢው በር ድረስም ሸኘቻቸው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እናቴ በሽታዋን ለማንም አልደበቀችም። የደበቀችው የሰው ሀብት ነው።

ስትመለስ ጮኽኩባት። ከእሷ ያላነሰ ድምፅ እንዳለኝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ምን ሆነሽ ነው፣ የማን ጡት ነው የታመመው፣ እሷ አፍ የላትም ወይ፣ ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም። ነጠላዬን አነሳሁ፤ ኮሚቴው ገና መንገድ ላይ ነበር፣ ሮጬ እደርስበት ነበር። እናቴ በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጠችው። ከዚያ የቀሚሷን ቁልፎች ፈታችና ጡቷን አወጣች።

እኛ ዘንድ እናት ልጇን ከምንም በላይ ማስገደድ ስትፈልግ የምታደርገው ነገር ነው። ያጠባችበትን ጡት ይዛ ካስማለችህ መንገድ የለህም፤ አልፈህ ከሄድክ ከእናት እርግማን ጋር ነው የምትሄደው። ሌሎች እናቶች ሲያደርጉት አይቼ ነበር፤ የእኔ እናት አድርጋው አታውቅም። ያወጣችው የታመመውን ነው። እብጠቱን በዓይኔ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተቦርቡሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተጎትቶ ነበር። እኔ የጠባሁት ይህ ነው ብዬ ማሰብ አቃተኝ።

«በጠባሽው ጡቴ ይዤሻለሁ» አለች። «ይህን ነገር ለማንም አትናገሪም።»

«እማዬ፣ እባክሽ…»

«የጋሼ መርፌ የዕለት ነው። አንድ ሰሞን ቢቀርባቸው ይሞታሉ። የእኔ እያየሽው፣ አያመኝም። በሚቀጥለው ዙር እጠይቃለሁ። አያመኝም፣ ልጄ።» እጄን ወስዳ እብጠቱ ላይ አደረገችው። እውነቷን ነበር። ስጫነው ፊቷ አልተለወጠም።

«እሺ» አልኩ።

ያ በሽታ መጀመሪያ ላይ እንደማያም እኔም አላውቅም ነበር። እኛ ሰፈር በሽታ የሚለካው በሕመሙ ነበር፤ የሚያመው ይቀድማል፣ የማያመው ተራውን ይጠብቃል።

እትዬ ያን ዕለት አመሻሽ ላይ መጥተው እናቴ እግር ሥር ሊወድቁ ነበር፤ እናቴ ትከሻቸውን ይዛ አነሳቻቸው።

«ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ» አሉ።

«ምን ብለሽ? የአንቺን ይነጥቁሻል፣ ለእኔም አይሰጡኝም። አጭበርብራችኋል ይሉናል። ባልሽን ልትቀብሪ ነው?»

«የለም፣ እናገራለሁ።»

«ተዪ ብዬሻለሁ።»

ሻይ ቤት ሒሳብ እኔ ልክፈል እያሉ እንደሚታገሉ ሰዎች ትንሽ ተጓተቱ። እውነቱን ልናገር፤ እትዬ መጀመሪያ ላይ ከልባቸው ነበር፣ ሁለተኛው ግን ለወጉ ነው። እናቴ ስታሸንፋቸው ትከሻቸው እንዴት እንደላላ አይቻለሁ። ጠላኋቸው። ዛሬ ባል ያላት፣ በዕድሜም እሳቸው ያኔ የነበሩበት የደረሰች ሴት ሆኜ ሳስበው እኔም ትከሻዬ የሚላላ ይመስለኛል። ይህን ማወቄ ግን ጥላቻዬን አላጠፋውም፤ አጠገቡ ቁጭ አለ እንጂ።

ደብዳቤው ለጋሼ ወጣ። ሶፋው፣ ቡፌውና ቴሌቪዥኑ ቀስ እያሉ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ፍሪጁ ግን ቀረ። ኮሚቴው ሳይታሰብ ተመልሶ ያያል፣ ፍሪጅ ያለውንም ይሰርዛል የሚል ወሬ ስለነበር እትዬ ፈሩ፤ እናቴም «ይቆይ፣ ምን ይበላል?» አለች። ስለዚህ ጋሼ ጠዋት ጠዋት በምርኩዝ እየተደገፉ እኛ ቤት ይመጣሉ። እናቴ በሩ ላይ ቆመው እንዳይጠብቁ ብላ ቀድማ ተነስታ ትከፍታለች። ብልቃጡን ከፍሪጁ አውጥተው አግዳሚው ላይ ይቀመጡና ሆዳቸውን ገለጥ አድርገው ይወጋሉ። እናቴ ስኳር የሌለበት ሻይ ትሰጣቸዋለች፤ እሷም ስኳር ሳትጨምር አብራቸው ትጠጣለች። መብራት ሲጠፋ ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ እንስራው ጎን ታስቀምጠዋለች፤ እየደጋገመች በእጇ ትነካዋለች፣ ልክ የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትዳስስ።

«ያንቺስ ነገር እንዴት ነው?» ይሏታል ጋሼ።

«አያመኝም» ትላቸዋለች።

እኔ በሁለቱ መሀል ምሳ ዕቃዬን ይዤ እወጣለሁ። ሰላም የምለው ከአንገት በላይ ነበር። ብሎኬት ስደረድር የዚያ ፍሪጅ ማጓራት ጆሮዬ ውስጥ ይቀር ነበር።

የሚቀጥለው ዙር የተባለው አልመጣም። አንዴ የዘንድሮው ኮታ አልቋል ተባለ፣ አንዴ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ፣ ከዚያ ደግሞ ቀበሌው ከሌላ ቀበሌ ጋር ሊቀላቀል ነው ተብሎ ማኅተሙ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። በመሀል ከብሎኬቱ ያጠራቀምኩትን ይዤ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ወጣቱ ሐኪም አይቷት «ይህ ቶሎ መሠራት አለበት» አለ። የት፣ በምን የሚለውን አልነገረንም። ከዚያ ክሊኒክ በነፃ ያገኘነው «ቶሎ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ጠበልም ሄደን ነበር። ጠበሉ ቢያንስ ቤትሽ ውስጥ ምን አለሽ ብሎ አልጠየቃትም።

ዓመት ሲሞላ ሕመሙ መጣ። መጀመሪያ ክንዷን ማንሳት አቃታት፤ ፀጉሯን እኔ እሠራላት ጀመር። ከዚያ ጀርባዋ አላስተኛት አለ። ያ ትልቅ ድምፅዋ ቀነሰ። «ቀስ በይ» ማለቱ ቀረ፤ አሁን «ምን አልሽ?» የምለው እኔ ሆንኩ።

በመጨረሻ ኮሚቴው መጣ። ፍሪጁም በዚያን ጊዜ ወደ ባለቤቱ ተመልሶ ነበርና ቤታችን የነበረው እንደነበረ ነው። ሰብሳቢው ያው ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ወለሉን አየ፣ ግድግዳውን አየ።

«እናት፣ ያ ሁሉ ዕቃ የት ሄደ?» አላት።

«ሸጬ በላሁት» አለች እናቴ።

ራሱን ነቀነቀ። «በሽታ እንዲህ ነው፣ ቤት ያራቁታል» አለና እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ፈረመ። ያዘነላት ከልቡ ነበር፤ ዓይኑ ውስጥ አየሁት። እኔ የማልኩበት ጡት ፊት ለፊቴ ተኝቷልና ዝም አልኩ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያየቻት ወጣት ሐኪም ናት። ጨርቁን ገልጣ ስታይ እጇ ትንሽ ቆመ። «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለች። ተቆጥታ አይደለም፤ የምትጠይቀው ጠፍቷት ነው።

«ቤት ነበርን» አለች እናቴ።

ሐኪሟ እኔን ለብቻዬ ወደ ኮሪደሩ ወሰደችኝ። ወደ ብብቷና ወደ ጀርባዋ አጥንት መዛመቱን፣ አሁን ማውጣቱ ብዙ እንደማይጠቅማት፣ የሚያቆይ መድኃኒት ግን እንዳለ ነገረችኝ። ደብዳቤያችንን ይዤ ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ሄድኩ። ሰውየው ደብዳቤውን አይቶ «ይህ መድኃኒት በነፃ ነው» አለኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ «ግን የለም፤ ከውጭ ግዙ» አለ። እንዲህ ነበር የነፃው ነገር፤ ላለው ነገር ነፃ ነው፣ ለሚያስፈልገው ነገር ግን የለም።

ከእናቴ አጠገብ የተኛችው ሴት ያው በሽታ ነበረባት። ባሏ መርካቶ ሱቅ አለው። እብጠቷ ገና የባቄላ ፍሬ ሲያህል በግል ሐኪም ታይቶ፣ ወዲያው ተሠርቶላት ልትወጣ ተራዋን እየጠበቀች ነበር። ጥሩ ሴት ናት፤ ከሚመጣላት ሾርባ እናቴን ሳታጠጣ አትጠጣም። በወጣች ቀን እናቴን ግንባሯን ስማ «አንቺም ይሻልሻል» አለቻት። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ እናቴ «ደስ ትላለች፣ ዳነች» አለችኝ። ቅናት የሚባል ነገር አልነበረባትም። የእሷን ድርሻ እኔ ቀናሁላት።

እናቴ የሞተችው ቤቷ ነው፣ ጠዋት፣ እኔ ክንዷን ሳሽላት። ዓይኗን የከደኑላት እትዬ ናቸው። እኔ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

የእድሩ ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተከለ። እትዬ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። «እኔ ነኝ የገደልኩሽ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ለዕቃዬ ብዬ እኔ ነኝ የገደልኩሽ፣ እህቴ። እኔን አድነሽ አንቺ ሄድሽ።» እናገራለሁ ያሉትን ዓመት አሳልፈው ተናገሩ፤ ግን ለቅሶ ቤት ነው። ለቅሶ ላይ እኔ ነኝ የገደልኩሽ ያላለ፣ በአንቺ ፋንታ እኔን ያላለ ማን አለ? ሴቶቹ ደግፈው አስቀመጧቸው፣ ውኃ አጠጧቸው፣ «እንዴት ያለች ጎረቤት ናት» ተባባሉ። ያ ሰብሳቢም ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከንፈሩን መጠጠ። የሰማናቸው ጋሼና እኔ ብቻ ነን። ጋሼ ምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አለፈ። አግብቼ፣ ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ከሰፈሩ ወጣሁ። እድሬን ግን አልለቀቅሁም፤ ለዚያ ስል እሄዳለሁ። ስሄድ ጋሼን ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸዋለሁ። እንዴት ነዎት ስላቸው ሁልጊዜ ያማርራሉ። እግሬ፣ ዓይኔ፣ እንቅልፌ፣ ኩላሊቴ። አንድም ቀን ደህና ነኝ ብለውኝ አያውቁም። የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ እተወዋለሁ።

አንድ ቀን ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ ሳሙና ስገዛ ባለሱቁን «ጋሼ ግን በጣም ደክመዋል አይደል?» አልኩት። ስልጤ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቀኛል።

«ማን፣ ጋሼ?» አለና ሳቀ። «ጋሼማ አላህ ይመስገን ደህና ናቸው። ትላንት እንኳ እስከ ድልድዩ በእግራቸው ሄደው መጥተዋል። ስኳሬ ተስተካክሏል ብለው ከረሜላ ሊገዙ ነበር፣ እኔ ነኝ የከለከልኳቸው።»

ሳሙናዬን ተቀብዬ ከፈልኩ። ገባኝ። ለሰፈሩ ሁሉ ደህና ናቸው፤ የሚታመሙት ለእኔ ብቻ ነው።

ተመልሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ይቅር ብያቸው አልነበረም፤ ይቅር ማለቴን እስካሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። ግን እናቴ ያን ሁሉ ያደረገችው እኚህ ሰው እንዲድኑ ነበር፤ መዳናቸውን ከራሳቸው አፍ መስማት ፈለግሁ። ሌላ የምወስደው ነገር አልነበረኝም።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ዛሬ እንዴት ነዎት?»

«እግሬን ልጄ፣ ደግሞ ይሄ…»

«እውነቱን ይንገሩኝ። ለእኔም አንድ ቀን ደህና ነኝ ይበሉኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ብዙም አያይም፣ ግን አዩኝ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ለአንቺ?» አሉ ቀስ ብለው። «ለአንቺ ምን ብዬ?»

እጄን ያዙኝና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እጃቸው ሙቅ ነበር፣ ጠንካራም ነበር። ደግሜ አልጠየቅኋቸውም። እንደዚያው ተቀምጠን መሸ።